በረራው ዘገየ፤ አሁንስ? ከጅማ ተነስቶ በቦሌ ለሚያልፍ መንገደኛ

ከጅማ ተነስቶ ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው በቦሌ ማለፉ አይቀርም። ቦሌ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ኤርፖርት ነው። ተርሚናል 2 እ.ኤ.አ. በ2019 ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። ዛሬ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሌላ ግዙፍ ኤርፖርት የታቀደው ቦሌ እየጠበበ ስለመጣ ነው። ያ እስኪደርስ ድረስ ለመዘግየት ተዘጋጅቶ መጓዝ ግድ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበሩ ሰዎች ነው። ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ ለምትሄድ እህት፣ ለዑምራ ለሚነሱ አባትና እናት፣ ለትምህርት ለሚወጣ ተማሪ። በረራው ሲዘገይ ብዙዎቹ ወንበር ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጠየቅ ያስፈራቸዋል። መብት እንዳላቸውም የነገራቸው ሰው የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። መዘግየቱ የሚያጋጥመው ቦሌ ላይ ቢሆንም ምን ያህል እንደሚጎዳችሁ የሚወሰነው ጅማ ላይ ነው፤ ትኬት በምትገዙበት ሰዓት። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ስለ ጅማ ነው።

በረራ ለምን ይዘገያል?

ምክንያቱን ማወቅ ምን ያህል እንደምትጠብቁ ለመገመት ይረዳችኋል።

ቦሌ ላይ አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ተመጣጥነው አይደለም የሚያርፉትና የሚነሱት። ንጋት ላይ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአረብ አገሮች የሚመጡት ተከታትለው ያርፋሉ። ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ተከታትለው ይነሳሉ። ማታ እነዚያው ይመለሳሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ ድረስ ደግሞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱት ይወጣሉ። አንዱ አውሮፕላን ሲዘገይ ከእሱ መንገደኛ የሚጠብቁት ሌሎቹም ይያዛሉ። ሰልፉ የሚረዝመውም በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። በጥምቀት፣ በፋሲካና በሐጅ ሰሞን ደግሞ ይብሳል።

ሌላው አየሩ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በክረምት ዝቅ ያለ ደመናና ጭጋግ ሲይዘው፣ በተለይ ማለዳ፣ አውሮፕላኖች አየር ላይ ይጠብቃሉ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይዞራሉ።

ጅማ ላይ ብዙ ሰው የሚናደደው በዚህ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ወጥታ እያለ በረራው ዘገየ ይባላል። ወደ አባ ጅፋር ኤርፖርት የሚመጣው አውሮፕላን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ነው። በቀን ውስጥ ብዙ ከተማ ይመላለሳል። ጠዋት ቦሌ ላይ በጭጋግ አንድ ሰዓት ከቆመ፣ ወይም ከጅማ በፊት የሄደበት ከተማ ላይ ከተያዘ፣ ያ አንድ ሰዓት ጅማ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የጅማን ሰማይ እያያችሁ አትገምቱ። አውሮፕላኑ አሁን የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁ ኢንተርኔት ካለው እንደ ፍላይትራዳር24 ያለ መተግበሪያ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ገና ከአዲስ አበባ ካልተነሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደቀራችሁ እወቁ።

1. ትኬቱን አንድ አድርጉት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ከጅማ እስከ መጨረሻው መዳረሻችሁ ያለው ጉዞ በአንድ ትኬት ይሁን።

ብዙ ሰው የውጩን ትኬት ከአንድ ቦታ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን ከሌላ ቦታ ይገዛል። አንዳንዴ በጥቂት ብር ይረክሳል። አንዳንዴ ኤጀንሲው የሚሰጠው ከአዲስ አበባ የሚጀምረውን ብቻ ስለሆነ ነው። ችግሩ የሚመጣው የጅማው በረራ ሲዘገይ ነው። ሁለት ትኬት ከሆነ፣ ሁለቱም የአንድ አየር መንገድ ቢሆኑ እንኳ፣ የውጩ በረራ ሲያመልጣችሁ በራሳችሁ ምክንያት እንደቀራችሁ ሊቆጠር ይችላል። አዲስ ትኬት ግዙ ወይም ቅጣት ክፈሉ ልትባሉ ትችላላችሁ። አንድ ትኬት ከሆነ ግን እስከ መድረሻው የማድረስ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። በሚቀጥለው ቦታ ባለው በረራ ያስገባችኋል።

እንዴት ታውቃላችሁ? ትኬቱ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ፤ ትኬት ቆራጮች ፒ.ኤን.አር ይሉታል። በዚያ ኮድ ሥር ጅማም፣ አዲስ አበባም፣ የመጨረሻው ከተማም አብረው መዘርዘር አለባቸው። ደግሞ 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቁጥር አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ለሁለቱ ጉዞዎች የተለያየ የትኬት ቁጥር ካያችሁ ወኪሉን ግልጽ አድርጋችሁ ጠይቁት፦ «የጅማው ቢዘገይና የጅዳው ቢያመልጠኝ አየር መንገዱ ያለ ክፍያ ያሳፍረኛል ወይ?» መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ወኪል ዘንድ ሂዱ፤ ወይም ጅማ ካለው የአየር መንገዱ ትኬት ቢሮ አረጋግጡ።

ትኬቱን ሲቆርጡላችሁ የራሳችሁ ስልክ ቁጥር እንዲመዘገብ አድርጉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ወኪሉ የራሱን ቁጥር ከሰጠ የሰዓት ለውጥ መልእክት የሚደርሰው ለእሱ ነው። እሱ ተኝቶ እናንተ ኤርፖርት ትቀመጣላችሁ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያም አለ። አንድ ትኬት ይዛችሁ የጅማውን በረራ ትታችሁ በአውቶቡስ አዲስ አበባ አትግቡ። የመጀመሪያውን ጉዞ ካልተሳፈራችሁ ሲስተሙ ቀሪውን በሙሉ ሊሰርዘው ይችላል። በመኪና መሄድ ግድ ከሆነባችሁ አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ አሳውቁ፤ ትኬቱ ከአዲስ አበባ እንዲጀምር ያስተካክሉላችሁ። የተስተካከለውን ትኬትም በእጃችሁ ሳትይዙ መናኸሪያ አትሂዱ።

2. ሰዓቱንና ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ

ዘግይቶ ከሚሄደው አውሮፕላን ይልቅ በሰዓት ስህተት የሚያመልጠው ያሳዝነኛል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው።

ሰዓቱን ለመመለስ እንዲህ አድርጉ። ትኬቱ ላይ ያለው ከ07:00 ጀምሮ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ 12 ቀንሱ። ከ07:00 በፊት ከሆነ 6 ደምሩ። 08:50 ጠዋት 2:50 ነው። 22:40 ከምሽቱ 4:40 ነው። 01:15 ከሌሊቱ 7:15 ነው።

ቀኑ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትኬታችሁ ጃንዋሪ 16 ቀን 2026፣ 00:30 ቢል፣ ጃንዋሪ 16 ማለት ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ግን ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ጥር 7 ማታ ነው። ጥር 8 ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። የሩቅ አገር በረራዎች ብዙዎቹ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚነሱ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ለእናትና ለአባት ትኬት የምትልኩ ልጆች፣ እባካችሁ በወረቀት ጻፉላቸው፦ «ረቡዕ ጥር 6 ከቤት መውጣት፤ ሐሙስ ጥር 7 ከምሽቱ 2 ሰዓት ቦሌ መገኘት።» በቃል የተነገረ ይረሳል።

3. ከጅማ መቼ ትነሱ?

ወደ ጅማ በቀን የሚመጡት በረራዎች ጥቂት ናቸው። የመጨረሻው ከተሰረዘ በዚያ ቀን ሌላ አማራጭ በአየር የለም። በመኪና ደግሞ በጊቤ በረሃ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ የተሰረዘን በረራ በመኪና መተካት ማለት በጨለማ መጓዝ ማለት ነው፤ ይህን ማንንም አልመክርም።

ስለዚህ የውጩ በረራችሁ ሌሊት ከሆነ የጅማውን የመጨረሻ በረራ አትያዙ፤ የጠዋቱን ያዙ። የጠዋቱ ቢዘገይ እንኳ የከሰዓቱ አለ። የውጩ በረራ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የተለያየ ትኬት ከያዛችሁማ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት የግድ ነው። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ለሁላችሁም ይህንኑ እላለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር ከአዲስ ትኬት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

4. የእጅ ቦርሳችሁ ውስጥ ምን ይሁን?

መዘግየት ሲመጣ ትልቁ ሻንጣ ከእናንተ ጋር የለም። ካስረከባችሁት በኋላ መልሶ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ ሌሊት የሚያሳድራችሁ ነገር በእጃችሁ ይሁን።

ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የሥራ ውል ከሆነ ኮፒው፣ የትኬት ወረቀት። ስልካችሁ ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል ወረቀቱን አትናቁት። የአሠሪው፣ የኤጀንሲውና የሚቀበላችሁ ሰው ስልክ በወረቀት ላይ ይጻፍ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ የሦስት ቀን ያህል። ቻርጀርና ፓወር ባንክ፤ ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ በእጅ ብቻ ነው።

ወፍራም ልብስ ያዙ። የጅማ ሰው ቀላል ለብሶ ይወጣል፤ የቦሌ ሌሊት ግን ይበርዳል። ጋቢ ወይም ፎጣ ለእናቶች ትልቅ ነገር ነው። ጭኮ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ያዙ። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ያዙና ከፍተሻ በኋላ ሙሉት። ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ አይሞከርም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል። በትልቁ ሻንጣ ስትጭኑትም በደንብ ታሽጎ ይሁን፤ ሻንጣው አንድ ቀን ሊዘገይ እንደሚችል አስቡና አሽጉት።

ለዑምራና ለሐጅ የምትሄዱ የኢሕራም ልብሳችሁን በእጅ ቦርሳ አድርጉት። ወደ ጅዳ የሚሄደው በረራ ሚቃቱን፣ ኢሕራም የሚገባበትን ወሰን፣ የሚያልፈው አየር ላይ ነው። ልብሱ በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ምንም ማድረግ አትችሉም።

5. ጅማ ላይ ከዘገየ

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥሪ ማዕከል 6787 ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ፤ በሚቀላችሁ ቋንቋ መጠየቅ አትፈሩ። ዘገየ ቢሏችሁም በመጀመሪያው ሰዓት ኤርፖርት ድረሱ፤ በግልጽ «በዚህ ሰዓት ኑ» ካላሏችሁ በቀር። የዘገየ በረራ መልሶ ሊፋጠን ይችላል።

ካውንተሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ ወዲያው አሳውቁት፦ «ወንድሜ፣ እኔ ዛሬ ሌሊት ከቦሌ ወደ ዱባይ ቀጣይ በረራ አለኝ። ሰዓቱ ይበቃኛል?» ይህን ሳትሉ ከተቀመጣችሁ አዲስ አበባ ላይ የምትቀሩ ልትመስሉት ትችላላችሁ። ሰዓቱ እንደማይበቃ ከታየ ከጅማ ሳትነሱ ሌላ ቦታ እንዲይዙላችሁ ጠይቁ። እዚያ ሰው ጥቂት ነው፤ ቦሌ ከደረሳችሁ በኋላ ከመቶ ሰው ጋር ተሰልፋችሁ ነው የምትጠይቁት።

ሻንጣ ስታስረክቡ የሚለጠፍበትን ወረቀት ተመልከቱ። የመጨረሻው ከተማ ኮድ መሆን አለበት፦ ለጅዳ ጄ.ኢ.ዲ፣ ለዱባይ ዲ.ኤክስ.ቢ። ኤ.ዲ.ዲ ብቻ ከሆነ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ይቀራል ማለት ነው፤ ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ። ይህ ደግሞ ሰዓት ይበላል።

6. ቦሌ ላይ ዘገየ ሲባል

መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምክንያቱ ምንድን ነው? አዲሱ ሰዓት ስንት ነው? ቀጣዩ በረራዬ ይጠብቀኛል ወይስ ሌላ ይያዝልኛል? የሰጧችሁን መልስና የሰጣችሁን ሰው ስም ጻፉ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። ሰሌዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ አቤቱታ ስታቀርቡ ይህ ፎቶ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ሰልፍ ይዛችሁ እያለ 6787 ደውሉ። ካውንተሩ ላይ ያለው ሰውና ስልኩን የሚያነሳው ሰው አንድ ዓይነት ሲስተም ነው የሚያዩት። ሰልፉ ከመድረሱ በፊት በስልክ ቦታ የተያዘላቸው ሰዎች አሉ። በቡድን ከሆናችሁ አንዱ ይሰለፍ፣ አንዱ ይደውል፣ አንዱ ሻንጣና ሕፃናትን ይጠብቅ።

ሦስተኛ፣ ከመሳፈሪያው በር አትራቁ። በሩ ሊቀየር ይችላል። ማስታወቂያው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ በጫጫታ ውስጥ ግን ላይሰማ ይችላል። በየ15 ደቂቃው ሰሌዳውን እዩ። መተኛት ካለባችሁ ማንቂያ ሙሉ፤ አጠገባችሁ በዚሁ በረራ የሚሄድ ሰው ፈልጋችሁም «ሲጠሩ ቀስቅሰኝ» በሉት። ለብቻዋ የምትሄድ እህት ካያችሁ እናንተ ሂዱና ጠይቋት። ብዙዎቹ አፍረው ነው ዝም የሚሉት።

ምግብና ሆቴል በተመለከተ፤ መዘግየቱ ረጅም ሲሆን አየር መንገዶች ምግብ፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ማደሪያ ይሰጣሉ። አንዳንዴ ራሳቸው ይጠራሉ፤ አንዳንዴ ለጠየቀ ብቻ ነው። እንዲህ በሏቸው፦ «እህቴ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ እየጠበቅን ነው። የምግብ ኩፖን የምንወስደው ከየት ነው?» ይሰጣችኋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከየት ነው በሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ የጾም ምግብ፣ ረመዳን ከሆነ ለማፍጠሪያ የሚሆን እንዲሰጧችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መጮኽ አይረዳም። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ጭጋጉን አላመጣችውም፤ ግን የሚቀጥለውን ባዶ ወንበር ለማን እንደምትሰጥ የምታውቀው እሷ ናት። ተረጋግታችሁ፣ ግን ሳትለቁ ጠይቁ። «ትንሽ ጠብቁ» ካለቻችሁ «እሺ፣ በስንት ሰዓት ልመለስ?» በሏት። በተባለው ሰዓት ተመለሱ።

ፓስፖርታችሁንና ስልካችሁን ግን ዩኒፎርምና መታወቂያ ለሌለው «ላግዛችሁ» ባይ አትስጡ። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ያምናል።

7. ቀጣዩ በረራ ካመለጣችሁ

አትደናገጡ፤ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከአየር ማረፊያው አትውጡ። የትራንዚት ወይም የትኬት ካውንተር ፈልጉና አዲስ ቦታ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። አዲሱን ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) ወይም የተቀየረውን ትኬት በወረቀት ተቀበሉ። «ተይዞላችኋል፣ ነገ ኑ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

አዲሱን ትኬት ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንዱ የቪዛችሁ ቀን ነው፤ የመግቢያ ጊዜው ነገ የሚያልቅ ከሆነ ይህን ለሠራተኛው አሳዩት፤ ከሌሎች እንዲያስቀድማችሁ ምክንያት ይሆናችኋል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ በሌላ አገር አዙረው ሊልኳችሁ ከሆነ የዚያን አገር የትራንዚት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ጠይቁ። ሻንጣችሁ ወዴት እንደሚሄድም አብራችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙን አሳዩ።

ለሥራ የምትሄዱ ከሆነ ከሁሉ በፊት ለኤጀንሲውና ለአሠሪው አሳውቁ። በሌላ ሰዓት ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ሰው ከሌለ ችግሩ በሰው አገር ይጀምራል። አዲሱን የበረራ ቁጥርና ሰዓት በፎቶ ላኩላቸው፤ «አየሁት» እስኪሉ ድረስም ጠብቁ።

8. ጅማ የቀራችሁ ቤተሰቦች

መንገደኛው ስልኩ ሲዘጋ ቤት ውስጥ ያለው ጭንቀት ይታወቃል። እናንተም የምትሠሩት ሥራ አለ። የትኬቱ ፎቶና የቦታ ማስያዣው ኮድ እጃችሁ ላይ ይሁን። በኮዱና በስሙ 6787 ደውላችሁ ስለ በረራው መጠየቅ ትችላላችሁ። መንገደኛው ባትሪ ቆጥቦ እንዲቆይ በየአምስት ደቂቃው አትደውሉ፤ መልእክት ጻፉ። ካርድ ሙሉለት።

ከውጭ የሚመጣ ሰው የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ወደ ጅማ የሚያመጣው አውሮፕላን ከቦሌ መነሳቱን ሳታረጋግጡ ከቤት አትውጡ። በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ተነሳ ሲባል በባጃጅ ትደርሳላችሁ።

9. ሻንጣው ካልመጣ

ከመቀበያው አዳራሽ ሳትወጡ አመልክቱ። ፒ.አይ.አር የሚባል ፎርም አለ፤ እሱን አስሞሉና ቁጥሩን ያዙ። የሻንጣውን ቀለም፣ ምልክቱንና ውስጡ ያለውን ንገሯቸው። ጅማ ላይ ሻንጣችሁን ሳታስረክቡ ፎቶ ብታነሱት እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ የአየር መንገዶችን ኃላፊነት የሚወስን ኢትዮጵያም የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ውል ነው፣ የተበላሸ ሻንጣ ከሆነ በተቀበላችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ከሆነ ሻንጣው እጃችሁ ከገባበት ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ቀኑ ካለፈ መብቱ ይጠፋል። እስከዚያው ለልብስና ለሳሙና ያወጣችሁትን ገንዘብ ደረሰኝ አስቀምጡ።

10. ካሳ የሚጠየቀው መቼ ነው?

የሞንትሪያል ስምምነት ዓለም አቀፍ በረራን ይመለከታል። በመዘግየት የደረሰባችሁን፣ በማስረጃ የምታሳዩትን ጉዳት አየር መንገዱ ይክሳል፤ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ጣሪያው ለመንገደኛ መዘግየት 6,303፣ ለሻንጣ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው። ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ የሚከፈላችሁ የጠፋባችሁን ያህል ነው። የተከፈለ ሆቴል፣ የቀረ የሥራ ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተገዛ ትኬት ደረሰኙ ይኑራችሁ። ክስ መመሥረት የሚቻለው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

አንድ ትኬት ያልኩበት ሌላው ምክንያት እዚህ ይመጣል። ከጅማ እስከ ጅዳ አንድ ጉዞ ሆኖ ከተሸጠላችሁ የጅማ አዲስ አበባው ክፍል ራሱ የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ነው። ስምምነቱ እሱንም ይሸፍነዋል። ለብቻው የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ከአውሮፓ የምትመጡ ዘመዶች ደግሞ የበለጠ መብት አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳን በረራ ሁሉ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ጨምሮ፣ ይመለከታል። ከፍራንክፈርት እስከ ጅማ በአንድ ትኬት ስትመጡ የፍራንክፈርቱ ዘግይቶ የጅማው ቢያመልጣችሁና ጅማ ከ4 ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ብትገቡ፣ የሚቆጠረው ጅማ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው፤ ካሳው 600 ዩሮ ነው። በአየር ጠባይ ወይም ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን አይከፈልም። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ስትሄዱ ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው።

አቤቱታው አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ስም፣ የትኬት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ መነሳት የነበረበት ሰዓት፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የተነገራችሁ ምክንያት፣ ያወጣችሁት ወጪ፣ የምትጠይቁት ገንዘብ። የቦርዲንግ ፓሱንና የደረሰኞቹን ፎቶ አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ። በኢሜይል ብትልኩ የላካችሁበት ቀን ይመዘገባል። በእጅ የምትሰጡ ከሆነ ግን ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ጅማ ያለው ቢሮ ሂዱ፤ አንዱን ስጧቸው፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁ ተመለሱ።